የሱሚትራ ዜማና የእህት አማረች ትርጉም

ስሜን አልነግራችሁም። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ያለ ሰው ስሜን ሳይነገረውም ያውቃል፤ ለማያውቀው ደግሞ ምን ይጠቅመዋል? ይህን የምጽፈው ነገሩ በየባጃጁ እየተወራ ተጣሞና ተለጥጦ ወደ እኔው ስለሚመለስ ነው። ባለፈው አንዷ ሲቀላ ገበያ አግኝታኝ፣ «ሕንድ አገር እንዴት ነበር?» አለችኝ። የኔ እናት፣ ከሴቻ ሲቀላ ከመውረድና ከመውጣት በቀር ዘንድሮ የትም አልሄድኩም።

ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ስለማንም ክፉ አልናገርም። ስለ እህት አማረች የምናገረው ክፉ አይደለም፤ የሆነው ነው።

እህት አማረች የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች መዘምራን መሪ ናት። ሐዋሳ ላይ የመዘምራን ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አሠርታ ሳሎኗ ሰቅላለች። ከሥልጠናው ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ እኔን ማባረር ነበር። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ። በእኛ ደጋ ሲዜም ሰው ሁሉ አንድ ድምፅ ይዞ እንደ በግ እየተከታተለ አይሄድም። አንዱ ከላይ ይጣራል፣ ሌላው ከታች ያጉረመርማል፣ ሌላው መሐል ይገባና ሁለቱን ያጣላቸዋል፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ነው ዜማ የሚባለው። ስለዚህ መዝሙር መካከል ድምፄ እኔን ሳያማክር የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል። እህት አማረች ልምምዱን አስቁማ፣ በሁሉም ፊት፣ በዚያ ማር በሚመስል አነጋገሯ፣

«እህቴ፣ ጌታ አንቺን የጠራሽ ለማዳመጥ ይመስለኛል» አለችኝ።

የመዘምራኑን ጋውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ መለስኩ። ይቅር ብያታለሁ። ይቅር ያልኳት ቀን የለበሰችውን ቀሚስና ያደረገችውን ጫማ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ተከራዮቼ ልምጣ። ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ባለው ሰርቪስ ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሕንዳዊ ዶክተር ከባለቤቱ ከሱሚትራ ጋር ይኖራል። የገቡ ዕለት እንግዳ ናቸው ብዬ ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ትኩስ ዓሣ ጠብሼ ይዤላቸው ሄድኩ። ሱሚትራ ሳህኑን አየች፤ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ስለነበር እሱም እሷን አየ። ለካ እንኳን ዓሣ እንቁላልም አይነኩም። ሳህኔን ይዤ ስመለስ፣ በቃ፣ ከነዚህ ሰዎች ጋር ጉርብትናችን እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ግን ሱሚትራ በሬን አንኳኩታ የሀላኮ ዛፌን በጣቷ አሳየችኝ፤ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ማለቴ ነው። ቅጠሉን ፈልጋ መስሎኝ ልሸመጥጥላት ስል ራሷን ነቀነቀች። የፈለገችው እኛ ዞር ብለን የማናየውን፣ እንደ ዱላ የተንጠለጠለውን ፍሬ ነው። አገሯ ቅጠሉንም ፍሬውንም ይበላሉ። እኔ በቅጠሉ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ኩርኩፋ ሠርቼ አበላኋት፤ እሷ ፍሬውን ከምስር ጋር ቀቅላ አበላችኝ። ከዚያ ወዲህ «ማማ» ትለኛለች። አማርኛዋ እኔንም፣ ባሏንም፣ ዶሮዬንም እኩል በወንድ ነው የሚጠራው፤ በዚህ ማንንም አላዳላችም።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ቤታቸው ዜማ ይጀመራል። ዶክተሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በአንድ እጁ እንደ ወናፍ የሚገፋው፣ በሌላ እጁ እንደ ፒያኖ የሚጫወተው የእንጨት ሳጥን አለው። ከሚያስተምርበት ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፣ አንዱ ጊታር አንዱ ኪቦርድ ይዞ። ሱሚትራ ዓይኗን ጨፍና የአምላካቸውን ስም በዜማ ትጠራለች፤ ሌሎቹ ተቀብለው ይመልሳሉ። ትጠራለች፣ ይመልሳሉ። «ጎቪንዳ… ጎፓላ…» መጀመሪያ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ባለ ኪቦርዱ የሬጌ ምት ይለቅበታል፣ ጊታሩ ይገባል፣ ጭብጨባው ይከተላል፤ በመጨረሻ ማንጎው ላይ ያሉት ወፎች እንኳ ቦታ ይቀይራሉ።

እኔ የማምነውን አውቃለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ መስኮቴን ዘጋሁ። የአርባ ምንጭ ሙቀት አስከፈተኝ። መጋረጃውን ዘጋሁ፤ መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም። በመጨረሻ ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁ። የታጠበ ልብስ ስላልነበረ የደረቀውን ከገመዱ አውርጄ መልሼ አሰጣሁት። ሱሚትራ በበሩ አየችኝ።

«ማማ! ና! ቁጭ በል!»

ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ለማየት ብቻ ነበር። እጄ ግን ሳያስፈቅደኝ ማጨብጨብ ጀመረ። ዶክተሩ አየኝና በደህና አማርኛው፣ «ማማ፣ የራስዎን ማለት ይችላሉ» አለኝ። እኔም «ሃሌ ሉያ» ልከትበት ሞከርኩ፤ ሬጌው ቀድሞኝ እያለፈ አልገባ አለኝ። ታዲያ እንደነሱው ተቀበልኩ። ተቀበልኩና ምን ሆነ? በሦስተኛው ዙር ድምፄ ያንን የደጋ ልማዱን ጀመረ። እነሱ ወደ ላይ ሲወጡ እኔ ከታች ጎተትኩ። ደነገጥኩ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሱሚትራ ዓይኗን ገለጠች። ይኸው መባረሬ ነው አልኩ፤ ለመነሣትም ጉልበቴን ይዤ ነበር።

«ድገም!» አለች። «ድገም፣ ማማ! እንደዚያ!»

በዚህ ዕድሜዬ «ድገሚ» ያለኝ ሰው አልነበረም። «ዝም በይ» ያለችኝን ግን በስሟ አውቃታለሁ። ደገምኩ! ጊታሩ ተከተለኝ፣ ሳጥኑ ተከተለኝ፣ ዶክተሩ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ቤቴ ስገባ ራት መብላቴን ረስቼ ተኛሁ። እንዲህ የሆንኩት መቼ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ልጅ ሳለሁ ደጋ ላይ ካልሆነ በቀር አላገኘሁትም።

ከዚያ በኋላ ዜማው አልለቅ አለኝ። ሽንኩርት ስከትፍ አለ። ጫሞ ዳር በዓሣ ዋጋ ስከራከር አለ፤ ነጋዴው በቅናሽ የሸጠልኝ የታመምኩ መስሎት ነው። ባጃጅ ውስጥ ሳንጎራጉር ሹፌሩ በመስታወት አየኝና፣ «እናቴ፣ ይሄ አዲስ ነው፤ የማን ነው?» አለኝ። «የአገር ቤት ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ የማን አገር አላልኩም።

ሐሙስ የእናቶች ጸሎት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሐሙስ ባይኖር ሳምንቱ ለእኔ አንድ ረጅም እሑድ ይሆንብኝ ነበር። መዘምራን ሲያስወጡኝ የቀረኝ እሱ ነው። የዚያን ሐሙስ ተራው የእማማ ሣራ ነበር፤ ሲቀላ፣ የቆርቆሮ ጣራው ከላይ በሚጠብሰው ሳሎኗ ታጭቀናል። በስፒከር ለስላሳ የኪቦርድ ሙዚቃ ተለቋል፤ እኛ ሁላችን እንደ ልማዳችን በአንድ ጊዜ፣ የየራሳችንን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጸልያለን። በዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔም አልሰማሁም፤ ራሴን ጭምር።

መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ዝም ሲል ሴቶቹ ደንግጠው አብረው ዝም አሉ። ዓይኔን ጨፍኜ የነበርኩት እኔ ብቻ ቀረሁ።

«ጎቪንዳ… ጎፓላ… ጎቪንዳ…»

ያውም በሬጌው፤ ትከሻዬም አብሮ።

ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም እኔን ያያሉ። አለቀልሽ አልኩ ለራሴ። በዚህ መካከል እማማ ሣራ ሁለት እጇን ወደ ጣራው ዘርግታ፣

«ልሳን!» አለች። «ጌታ ዛሬ ይችን ሴት በልሳን ጎበኘ!»

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። አፌን ከፈትኩ፤ ልናገር ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ልሳን ሲመጣ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ተርጓሚ ሲያስፈልግ ደግሞ እህት አማረች ሳትነሣ የቀረችበት ቀን የለም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ድምፅዋን አወፈረች።

«ሕዝቤ ሆይ፣ ይላል! በጉብታው ላይ ያለች ቤት አየሁ፣ ይላል! ቆርቆሮዋ አረንጓዴ ነው። ማንጎ ሥር ናት። እንግዶች ይወጡባታል፣ ዘማሪዎች ይገቡባታል! ኪቦርድና ስፒከር ይቀመጥባታል፣ ይላል!»

የሰርቪስ ቤቴ ቆርቆሮ አረንጓዴ ነው። ማንጎውን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ፣ እህት አማረች ያቺን ቤት ለመዘምራኑ ዕቃ ማስቀመጫ ስጪን እያለች ስትጠይቀኝ ከርማ እምቢ ማለቴን ነው። የነገሩ ውበት እዚህ ላይ ነው። እኔ ብቻዬን እዚያ ክፍል ውስጥ ትርጉሙ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይህን ለመናገር መጀመሪያ የዜማውን ምንጭ መናገር አለብኝ። ምንጩን ስናገር ደግሞ ከሐሙስም እባረራለሁ። ጠላቴ በገዛ እጇ ጉድጓድ ቆፍራ፣ እኔን ክዳን አድርጋ ደፍታበት ተቀመጠች!

በዚያው ሳምንት እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ስፖንጅ ያለው ወንበር ለእኔ ሆነ። የማላውቃቸው ሴቶች ከሲቀላ ድረስ የታመመ ልጅ ይዘው መጡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፣ ይህም ከጥበብ ተቆጠረልኝ። ደስ አላለኝም ብል ማን ያምነኛል? መዘምራኑ ራሳቸው መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ሲሰላሙኝ እጄን ቶሎ አልሰጠኋቸውም።

እህት አማረችን ግን በስልክ ሞከርኳት። «እህት አማረች፣ ስለ ቤቱ ጌታ ለእኔ ምንም አልነገረኝም» አልኳት።

«ለአንቺማ አይነግርሽም፣ እህቴ። ባንቺ ነው የተናገረው። አንቺ ቱቦ ነሽ፤ ውኃው የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።»

ቱቦ!

ይህም አልበቃትም። ዕለቱን ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ስመለስ ሱሚትራ ደጃፏ ላይ ካርቶን ዘርግታ ድስቶቿን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። እህት አማረች እኔ በሌለሁበት መጥታ ነግራቸው ሄዳለች።

«ማማ፣ ቤት ለአምላክ ይፈልጋል አሉ» አለችኝ ሱሚትራ። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ለአምላክ ከሆነ፣ እኛ ይወጣል። ዶክተር ሆቴል ይጠይቃል። ቅዳሜ የመጨረሻ ይዘምራል፣ እሺ?»

የእንጨቱ ሳጥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ድስቱን ከካርቶኑ አወጣሁት፤ እሷ መልሳ ከተተችው፤ እኔ አወጣሁት። ስንቀማማ ክዳኑ ወድቆ እየተንከባለለ እስከ አጥሩ ሄደ፤ ዶሮዬም ደንግጣ አብራው ሮጠች። እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን በንዴት ነው፤ በሌላ እንዳይመስላችሁ።

ማታውን እህት አማረች ደወለች። ቤቱን ለመለካት የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ቶማስን ይዛ መምጣት ትፈልጋለች። መቼ ይመችሻል?

«ቅዳሜ» አልኳት። «በአሥር ሰዓት ኑ።»

አስቤ ነው። ሳላስብ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጉድጓዱ ሲከፈት እኔም አብሬ እንደምታይ አውቃለሁ። ሐሙሴን ይዤ ሱሚትራን ላስወጣ? ወይስ ሱሚትራን ይዤ ሐሙሴን ልጣ? አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። መረጥኩ።

ቅዳሜ መጡ። እህት አማረች ለፀሐዩ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከፊት፣ ጋሽ ቶማስ ሜትሩን ይዞ ከኋላ፣ እማማ ሣራ ደግሞ በረከቱ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች። ሱሚትራና እንግዶቿ በራቸውን ዘግተው ውስጥ ናቸው። የመሰናበቻ ስለሆነ ከወትሮው ሰው በዝቷል፤ አንዱ ከበሮም ይዞ መጥቷል።

ጋሽ ቶማስ የሜትሩን ጫፍ ለእህት አማረች አስይዞ የውጭውን ግድግዳ መለካት ጀመረ። እሷም ጃንጥላዋን አጥፋ ማንጎው ላይ አስደግፋ፣ «እዚህ ጋ ስፒከሩ፣ እዚያ ጋ የጋውን ሳጥን» እያለች ታከፋፍላለች። በዚህ መካከል ውስጥ ሳጥኑ ተነፈሰ። ሱሚትራ ጀመረች።

«ጎቪንዳ… ጎፓላ…»

ጋሽ ቶማስ ሐሙስ ስላልነበረ ምንም አልገባውም፤ መለካቱን ቀጠለ። እማማ ሣራ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች። ሬጌው ገባ፣ ጊታሩ ገባ፣ ከበሮው ገባ። እማማ ሣራ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ጌታ ይባረክ! ይህ ያ ልሳን ነው! እነዚህ ሰዎችም ተቀበሉ!» አለችና እልልታውን ለቀቀችው።

እህት አማረች የሜትሩን ጫፍ ለቀቀችው። ሜትሩ ግድግዳውን እየገረፈ ሄዶ ጋሽ ቶማስ እጅ ውስጥ ጣ! ብሎ ገባ። በእልልታው የደነገጠው ዶክተር በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ሱሚትራ ከኋላው።

«ዶክተር» አለ ጋሽ ቶማስ ጣቱን እየላሰ፣ «ይህ አሁን የምትሉት ምንድን ነው?»

«የአምላካችን ስሞች ናቸው፣ ጋሼ። በዜማ እንጠራለን። ረበሽናችሁ?»

«ስሞች? ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ስሙን ብቻ፣ እየደጋገምን።»

«ይህ በእኛ ሐሙስ መጥቶ ነበር!» አለች እማማ ሣራ። «አማረች ተርጉማዋለች! ስለ ቤት ነው የሚለው።»

ጋሽ ቶማስ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ስለ ቤት ይላል?»

«ስለ ቤት?»

«ስለ አረንጓዴ ቆርቆሮ… ስለ ስፒከር…»

ዶክተሩ ሱሚትራን በቋንቋቸው ጠየቃት። ሱሚትራ ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየች፣ እኛን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ስፒከር የለም» አለች።

ሁሉም እህት አማረችን አዩ። ፊቷ የበሰለ ማንጎ መሰለ። ግን እሷን ቀላል አታድርጓት፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ! ይህንን ቃል አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ጊዜው ደረሰ።

«ከዚሁ ቤት» አልኳት። «ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው አዜማለሁ። ሐሙስ አመለጠኝ። ልሳን ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም። አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ አንቺስ ትርጉሙን ከየት አመጣሽው?»

እህት አማረች አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። ኦ! ያቺን ዝምታ ብትሰሟት! በሕይወቴ ከሰማሁት መዝሙር ሁሉ የምትጥመኝ እሷ ናት። ልብ ብላችሁ አድምጡኝ፤ ሐዋሳ የሠለጠነች ሴት ናት፣ ቃል አጥታ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን አንዲት እንኳ አልወጣትም። እማማ ሣራም ዝም በማለት ፈንታ፣ «ታዲያ ስፒከሩ የት ይቀመጥ ነው የሚለው?» እያለች ነገሩን ታባብሰዋለች።

ጋሽ ቶማስ ጨዋ ሰው ነው። ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ዶክተሩን ይቅርታ ጠየቀው፤ ቤቱ እንደማይፈለግ፣ መቼም ተፈልጎ እንደማያውቅ ነገረው። ከዚያ እኔንና እህት አማረችን ለብቻችን አጥሩ ጥግ ወስዶ ፈረደብን። እኔ እስኪነገረኝ ድረስ ሐሙስ ስመጣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ እሷም እስኪነገራት ድረስ ምንም አትተረጉምም። እኩል! እኔ ስም ጠራሁ፣ እሷ ሰው ከቤት ልታስወጣ ነበር፤ ፍርዱ ግን እኩል! ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ለጋሽ ቶማስም ነግሬዋለሁ፤ «እህቴ፣ ከኅብረቱ አለመታገድሽን አመስግኚ» አለኝ። አመሰገንኩ። ሐሙሴ አለች፤ ዝም ብትልም አለች።

እነሱ በበሩ ሲወጡ ሱሚትራ ካርቶኖቹን እያየች ቆማ ነበር።

«ማማ» አለች፣ «ቤት…?»

«ቤቱ የናንተ ነው። ያንን ድስት አውጪ!»

አውጥተን ጀመርን። ድስት፣ ምጣድ፣ ጭልፋ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ማንኪያ። ባለ ከበሮው ገና አልሄደም ነበርና ዕቃ እያወጣን እሱ መታ፣ ባለ ጊታሩ ተከተለ፣ ሱሚትራ ካርቶን ውስጥ ገብታ ጠራች፤ እኔ ከታች ጎተትኩ። እንደዚያ ጎትቼ አላውቅም! ስሙ የእነሱ ነው፣ ዜማው የደጋው፣ ሬጌው የማን እንደሆነ እንጃ፤ ደስታው ግን የራሴ ነበር፤ ከማንም አልተዋስኩትም።

አጥሩ ተንኳኳ። ቀና ስል እህት አማረች ብቻዋን ተመልሳ ቆማለች። ጃንጥላዋን ማንጎው ሥር ረስታዋለች። ዜማውን አላቋረጥኩም፤ ድምፄንም ዝቅ አላደረግኩም። እያዜምኩ ሄጄ ጃንጥላውን አነሣሁ፤ በሩን ሳልከፍት በአጥሩ ላይ ዘረጋሁላት። አልያዘችውም። ጠርጥራ አየችኝ።

«አሁን ደግሞ ምን እያልሽ ነው?» አለችኝ።

«ጃንጥላሽን ያዢ እያልኩ ነው፣ እህት አማረች» አልኳት። «ይህቺን ለራሴው ተዪልኝ፤ እኔው ተርጉሜልሻለሁ።»